ለመመረቂያ ጽሑፍ የመጡ ሽማግሌዎች

አንድ ዓርብ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ናቸው፤ ኩታቸውን አጣፍተው ከበሩ ገባ ብለው ቆሙ። ትልቁ ጋኔይ ቲክቫ ከሚባለው ከተማ በአውቶቡስ ነው የመጡት፤ ሁለቱ እዚሁ ማሃኔ የሁዳ ሰፈር ጎረቤቶቼ ናቸው። ተቀመጡ ብላቸው "ቃልሽን ሳንሰማ አንቀመጥም" አሉ። በዚህ ዕድሜዬ ለጋብቻ ያሰበኝ ማን ይሆን ብዬ ሳቄ መጣ።

የመጡት ግን ለመመረቂያ ጽሑፍ ነበር።

እዚህ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ከዚያ ሌላ፣ አገር ቤት ጎንደር በኩል ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ተማሪዎችን ጽሑፍ በውጭ ፈታኝነት አነባለሁ፤ ተማሪዎቹም በቪዲዮ ቀርበው ያስረዳሉ። ከጥቂት ጊዜ በፊት አንዱን ጥዬው ነበር። ምርጥ ዘር የወሰዱ ገበሬዎች ምርታቸው ጨመረ ብሎ ጽፏል። ዘሩን በብዛት የወሰዱት ግን መንገድ ዳር ያሉት ናቸው፤ ማዳበሪያውም ገበያውም ለእነሱ ይቀርባል። ታዲያ ምርቱን የጨመረው ዘሩ ነው ወይስ መንገዱ? ይህን ሳይለይ አያልፍም ብዬ ረጅም አስተያየት ላክሁ። ልጁ እዚያው ረዳት መምህር ነው፤ ማስተርሱን በጊዜው ካልጨረሰ ከሥራው ይወጣል።

አማላጅ መላኩ ሲገባኝ ደሜ ፈላ። "ውጤት በሽምግልና አይሰጥም! የእርሻ ድንበር መሰላችሁ?" አልኩ። እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ "አንቺ! ሽማግሌ ላይ ትጮሂያለሽ?" አለችኝ።

ትልቁ ሽማግሌ የልጁ አያት የድሮ ጎረቤት ናቸው፤ እስከ ዛሬ በስልክ ይጠያየቃሉ። ምንም አልተቆጡም። "የኔ ልጅ፣ አሳልፊው አላልንሽም። እሱም አሳልፉኝ በሉልኝ አላለንም። ለቶዓሩ፣ ለዲግሪው፣ የሚያማክረው መምህር ውጭ አገር ሄዶ ቀረ። የጻፍሽለትን አብሮት የሚያነብ ሰው አጣ። ቁጭ ብላ ታስረዳኝ ነው ያለው።"

የአማካሪውን መሄድ አላወቅሁም ነበር፤ ግን አልገረመኝም። እዚያ ጎበዙ መምህር ዶክትሬቱን ሊሠራ ይወጣል፣ ከወጣ ብዙ ጊዜ አይመለስም። የቀሩት ከሚችሉት በላይ ተማሪ ተሸክመዋል። በየስብሰባው ኮርሱ ይሻሻል፣ ኮምፒውተር ይገዛ እንላለን። ከተማሪ ጎን ቁጭ የሚል ሰው ከየት እንደሚመጣ ስንነጋገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

"አልችልም፤ ፈታኙ ነኝ። እኔው መክሬው እኔው ብፈትነው ደንብ ማፍረስ ነው" አልኳቸው።

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። "እውነትሽን ነው፤ እኛም ዘንድ አንዱን ወገን የመከረ ሰው አይዳኝም" አሉ። "ታዲያ ፈታኝነቱን ልቀቂው።"

ልቀቂው ማለት ቀላል ነው። ፈታኝ መባሉን እወደው ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ። ደግሞ ሌላ ፈታኝ እስኪገኝ የልጁ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። የትልቁን ሽማግሌ ጉልበት አየሁት፤ ይንቀጠቀጣል። "በሰደር፣ በሰደር፣ ተቀመጡ!" አልኩ፤ በዕብራይስጥ እሺ ማለት ነው። በደስታ አልነበረም፤ በንዴት ነው እሺ ያልኩት።

ፈታኝነቱን ትቼ አማካሪው እንድሆን ዩኒቨርሲቲው ተስማማ። ዓርብ ዓርብ ጠዋት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ከልጁ ጋር እንሠራ ጀመር። ያልኩትን ሁሉ "እሺ ዶክተር" ይላል። ስለገባው ይሁን ስላከበረኝ መለየት አቃተኝ። እንዲህ ያለ ሰው ነገ ቆሞ ሌላውን ምን ብሎ ያስተምራል? አንድ ቀን "በል እንጂ ተከራከረኝ!" ብዬ ጮህኩበት። "እሺ ዶክተር" አለ። ኮምፒውተሩን ዘግቼ ወደ ገበያ ወጣሁ።

በመጨረሻ፣ ጭማሪው በሙሉ የመንገዱ ነው፣ የዘሩ አይደለም ብለህ ደምድም አልኩት። እንዳልኩት ጻፈ።

ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሌላ ፈታኝ ተገኘ። በቀጠሮው ቀን ሽማግሌዎቹ መጥተው ከእናቴ ጋር ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔ ወጥ ቤት ኮምፒውተሩ ፊት ነኝ። ፈታኙ ስለ መንገዱ ጠየቀ። ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ።

"አማካሪዬ ሁሉም የመንገዱ ነው ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም" አለ።

ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ሰንጠረዥ አወጣ። አንድ ክረምት ዘር የጫነ መኪና ተበላሽቶ፣ ከመንገድ እኩል ከራቁ ቀበሌዎች ለከፊሎቹ ሳያደርስ ቀርቷል። ልጁ በየቀበሌው ዞሮ ዘር የደረሳቸውንና ያልደረሳቸውን ገበሬዎች ምርት አነጻጽሯል። ዘሩም ምርት ጨምሯል፤ ብዙ ባይሆንም ጨምሯል። ይህን ለእኔ አንድም ቀን አላነሳልኝም።

ፊቴ ጋለ። በሰው ፊት፣ ያውም ሽማግሌ ቤቴ ተቀምጦ! ሰንጠረዡን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ስህተት ፈለግሁበት፤ አጣሁ።

"አማካሪዋስ ምን ይላሉ?" አለ ፈታኙ።

"ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። በመጨረሻ ተከራከረኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ፈታኙ "ሰንጠረዡን ጽሑፉ ውስጥ አስገባው፤ አልፈሃል" አለው። ልጁ ግን አልሳቀም፤ አንገቱን ደፋ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር። ደፈርኩዎት" አለ።

"እንዳትጠይቀኝ!" ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። "ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ!" ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ከሳሎን ሲመጡ፣ እኔ እያለቀስኩ ልጁን እቆጣለሁ።