አንድ የምትቀንሰው ካርታ

«ይቺ ካርታ ትውጣ!» አለ የአጎቴ ልጅ እንደገና። «ጨዋታውን እየገደለችው ነው።»

«አትወጣም» አልኩት።

«አንድ እኮ ነው የምትቀንሰው! ግሬደሩ ሠላሳ ነፍስ አለው። አንተ አንድ አንድ እያልክ ስትቀንስ እሱ ማሳህን ጨርሶ ጓሮህ ይገባል።»

«ነጻ ናት። ምንም አታስከፍልህም።»

«ተራህን ታስከፍለኛለች፣ አንተ ደረቅ!»

የተጨቃጨቅንባት ካርታ «ማመልከቻ» ትባላለች። ጨዋታውን የሠራነው ራሳችን ነን። የአጎቴ ልጅ ምህንድስና ተማሪ ነበር፤ ግቢው ታውኮ ትምህርት ሲቋረጥ ፉሪ እኛ ቤት መጥቶ ተቀመጠ። ዶርም ውስጥ በስልክ የሚጫወቱትን የካርታ ጨዋታ ሲያወራልኝ ሰነበተ። ሁሉም ሰው በጥቂት ደካማ ካርታዎች ይጀምራል፤ እየተጫወተ ጠንካራ ካርታ ወደ ክምሩ ያስገባል፣ ደካማውን ያስወግዳል። ኢንተርኔት ሲጠፋ፣ ከእህቴ ሠርግ የተረፉትን የጥሪ ካርዶች ቆራርጠን በጀርባቸው ላይ የራሳችንን ጻፍን። የስልኩ ጨዋታ ጎራዴና ዘንዶ ነበረው። የእኛ ጠላት ግሬደር ሆነ። ይሁን ወይስ አይሁን ብለን እንኳ አልተመካከርንም። በዚያ ሰሞን ከሰበታ እስከ ሱሉልታ አዲስ አበባን ወደ ገበሬው ማሳ ስለሚያሰፋው ማስተር ፕላን ያልተወራበት ቤት አልነበረም።

አባቴ ከፊት ለፊታችን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ያዩን ነበር። ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ጫማቸውን አስረዋል። ጉልበታቸው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ እውነተኛ ማመልከቻ አለ። የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ማሳችን ተለክቶ ችካል ተተክሎበት ነበር፤ ቅሬታ ያለው ሰው ሰበታ ቢሮ ድረስ መጥቶ ያስገባ የተባለው የመጨረሻ ቀን ያ ቀን ነበር። የሰበታ መንገድ ደግሞ ተዘግቷል። ከቁልቁለቱ በታች የሚቃጠል ጎማ ጭስ ከደጃችን ይታያል። ጠዋት ተኩስ ሰምተናል። እኛ ልንሸኛቸው አንችልም፤ መንገድ ላይ የተገኘ ወጣት ሁሉ ይታፈስ ነበር። «ዛሬ ይቅሩ» ብያቸው «እስቲ ትንሽ ረገብ ይበል» ብለውኝ ነበር የተቀመጡት። ካርታውን ያወጣሁትም ለዚህ ነው። የቢሮ ሰዓት እስኪያልፍ ጨዋታ እያዩ እንዲቆዩልኝ።

ለካ የማይሆነውን ነበር ያወጣሁት።

«ኢጆሌ፣ ለእኔም አድሉኝ እስቲ፣ ልጆች» አሉ አባቴ።

የአጎቴ ልጅ በወዘና አምስት ሰጣቸው። አባቴ ካርታዎቹን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቀስ ብለው አነበቡ። አራቱ ማመልከቻ ነበሩ፣ አንዱ ብቻውን ምንም የማይቀንስ ሽማግሌ። አንድ በአንድ እየጠሩ መሬት ላይ ደረደሯቸው።

«ማመልከቻ። ማመልከቻ። ሽማግሌ። ማመልከቻ። ይሄም ማመልከቻ። እኔን እያያችሁ ነው እንዴ የሠራችሁት?»

ሦስታችንም ሳቅን። ግሬደሩ ከሠላሳ ሃያ ስድስት ገባ። ከዚያ ተራው ደረሰና ወደ ማሳው ተራመደ።

«አዩ፣ ጋሼ?» አለ የአጎቴ ልጅ። እሱም እንዳይሄዱ ነው የሚታገለው፤ በራሱ መንገድ። «ደካማ ካርታ ክፋቱ ትንሽ መቀነሱ አይደለም። የጥሩ ካርታ ቦታ መያዙ ነው። እሷን በመዘዙ ቁጥር ሌላውን አልመዘዙም። በየተራው አንድ ካርታ ማቃጠል፣ ከክምሩ ጨርሶ ማውጣት፣ ይፈቀዳል። ያቃጥሏት።»

«ሌላው የቱ ነው?»

ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ «ድንጋይ» የሚለውን ሰጣቸው። ድንጋይ ስድስት ይቀንሳል። የተጫወተው ሰው ግን «እስር» የሚባል ካርታ ይወስዳል፤ ምንም የማይሠራ፣ እጅ ላይ ቦታ ይዞ የሚቀመጥ።

«እስሩን እስከ መቼ ነው የምይዘው?»

«ጨዋታው እስኪያልቅ።»

«ላኪ፣ ላኪ! ይቅርብኝ» ብለው ካርታውን መለሱለት። «ሌላስ?»

«ባለሥልጣን ዘመድ የሚል አለ። እሱ ግን ውድ ነው።»

«እሱንስ አውቀዋለሁ» አሉና ሳቁ። ከዚያ አንዷን ማመልከቻ አንስተው ወደ እኔ ዞሩ። «የምትጽፋት አንተ ነህ። እውነት አንድ ትቀንሳለች?»

ያቺን ካርታ ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ መዝኛታለሁ። ያኔ ግን፣ ትቀንሳለች ብል፣ በገዛ አፌ ወደ ጭሱ መላኬ ነው። አትቀንስም ብል ደግሞ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ወረፋ ይዘው የቆሙበትን፣ ጸሐፊዋ «ኦቦ፣ ነገ ይምጡ» እያለች የመለሰቻቸውን፣ ከንቱ ነበር ማለቴ ነው። ለሳምንታት ቃል እየመረጥኩ ነበር የጻፍኩላቸው። ቢሮ የሚወደውን «በትህትና እናመለክታለን» ከላይ አድርጌ፣ ከሥሩ የራሴን አሾልኬ አስገባ ነበር፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ድንበራችንን ሳይሳሳት እንደሚወርድ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር። አባቴ ያቺን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘዋት ነበር።

«በጨዋታው ላይ ነው እንጂ…» አልኩ።

«በጨዋታውማ አየኋት።»

«ንገራቸው እንጂ!» አለኝ የአጎቴ ልጅ። «እስካሁን ስትሟገትላት አልነበረም እንዴ? አሁን ምን ነካህ?»

አባቴ ካርታዋን ከሌሎቹ ጋር አስተካክለው አስቀመጡና ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«አንድ ከቀነሰች ቀነሰች ነው» አሉ።

«አባዬ፣ ቢሮው ዛሬ ዝግ ነው።»

«ዝግ ከሆነ፣ ዝግ ነው ብለው ይመልሱኛል።»

«ዝግ ከሆነ ማን ቆሞ ይመልስዎታል?»

«ዘበኛው።»

የአጎቴ ልጅ ተነስቶ የኮታቸውን ጫፍ ያዘ። «ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ! መንገዱን አላዩትም? መኪና እንኳ የለም።»

«በእግሬ ነው የምሄደው። ሽማግሌ ወረቀት ይዞ ሲሄድ ማን ምን ይለዋል?»

«እኔ አብሬዎት ልሂድ» አልኩ።

«አንተማ ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ። አንተን ከያዙብኝ ማን ይጽፍልኛል?» እንደ ቀልድ ነበር ያሉት፤ የሳቀ ግን አልነበረም። «ኮቴን ልቀቅ፣ ልጄ።»

የአጎቴ ልጅ ለቀቀ። እኔ ካርታዎቹ መካከል እንደተቀመጥኩ ነበር። አባቴ ፌስታሉን ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ አስገብተው ቆለፉ። ደፉን ተሻገሩና የቆርቆሮውን በር ከውጭ ሳቡት። መጀመሪያ አልገጠመም። ከፍ አድርገው እንደገና ሳቡት፣ ተዘጋ።