የጅብራው ጥያቄ

አጎቴ የምርምር ድጋፍ መጠየቂያ ቅጻቸው ላይ የዋሸሁት እኔ መሆኔን ሳያውቁ ሞቱ ወይስ አውቀው ዝም አሉኝ?

በዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት መምህር ነበሩ። ጅብራ የሚባለው የስሜን ተክል አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞትበትን ዓመት በምን እንደሚያውቅ ለመመርመር በየዓመቱ የመንግሥት ድጋፍ ይጠይቃሉ። «የሚያስገኘው ጥቅም» በሚለው ቦታ ላይ ሁልጊዜ «አላውቅም» ብለው ይጽፋሉ። የታሪክ ተመራማሪውንም የሒሳብ ተመራማሪውንም «ምርምርህ ስንት ኩንታል ያወጣል?» ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ የማይመጣለት የድጋፍ ኮሚቴም ሁልጊዜ ማመልከቻቸውን ይመልስባቸዋል። «ጅብራ ይበላል እንዴ?» ብሎ የሳቀባቸውም አለ።

«አያ፣ ምናለ አንድ ጥቅም ቢጽፉ?» እላቸዋለሁ።

«ባውቀውማ ምን ልመረምር እሄዳለሁ?»

በትልቅነቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ጽሑፋቸውን የምተይበው እኔ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት «አላውቅም»ን አጥፍቼ «የማር ምርት ያሳድጋል» አልኩበት። ድጋፉ ወዲያው ተፈቀደ።

«አየሽ ልጄ፣ ውለው አድረው እውነት ገባቸው» ብለው ደስ አላቸው። እኔ ቀጣዩን ገጽ መተየቤን ቀጠልኩ።

ስሜን ሳይወጡ ታመው አረፉ። የጸደቀው ቅጽ ከወረቀታቸው መካከል ተጣጥፎ ተገኘ። የእጅ ጽሑፋቸውን የሚያኖሩበት የነበረው የጠረጴዛዬ ጥግ ባዶ ነው።

በአርባቸው ዕለት የኮሚቴው ሰብሳቢ ተነሥቶ «ለማር ምርት የደከሙ ምሁር» ሲል አወደሳቸው። ሲወጣ ደጅ ላይ ደረስኩበት።

«ቅጹ ላይ የማሩን ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እሳቸው አላውቅም ነው ያሉት።»

«ምነው እኅቴ» አለኝ ፈገግ ብሎ፣ «ሁሉም የሚጽፈው እንዲሁ አይደል?»

«እሳቸው አልጻፉም» አልኩት።