በተኛንበት
አናቱ ላይ የቀረው ፀጉር ለመቀስም አይበቃም። ሰውየው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ እየመጣ ይስተካከላል፤ የረገፈችውንም ከወለሉ ለቅሞ በፌስታል ይቋጥራታል። ደማችን ንጹሕ መሆን አለመሆኑን በድብቅ የሚመረምሩት በፀጉራችን ነው ባይ ነው። ይህን ሹክ ያሉት ስልኩ ውስጥ ያሉ፣ መልካቸውን እንኳ አይቶ የማያውቃቸው «ወንድሞቹ» ናቸው።

ዛሬም አንገትጌው የነተበ ኮቱን ሰቅሎ ገና ከመቀመጡ ጀመረ።

«መጤዎቹ ቀን ቆርጠዋል አሉ። በተኛንበት ሊያርዱን ነው!»

«ጋሼ፣ እኔም እኮ ከድንበር ማዶ ነው የመጣሁት» አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ መላጫው ውስጥ አዲስ ምላጭ እየከተተ።

«ኧረ አንተን ማን አነሳህ! እኔ የምልህ መጤዎቹን ነው።»

ይህን ብሎ ዓይኑን ጨፈነና አንገቱን ለምላጩ አመቻቸ። የተቀባው ሳሙና ሳይደርቅ ፌስታሏን እንደጨበጠ ማንኮራፋት ጀመረ።

አስተካካዩ ላጭቶ ሲጨርስም አልቀሰቀሰውም። ሬዲዮኑን ቀነሰና ተራ የሚጠብቀውን ደንበኛ «እሽሽ» አለው። ሰውየው ቤቱ ሲሆን፣ በሩን ቁልፍ በቁልፍ ደርቦም እንቅልፍ በዓይኑ እንደማይዞር አስተካካዩ ያውቃል።