ያልተቀመጥኩበት የፊዚክስ ፈተና

የፖሊስ ጣቢያው እስር ክፍል ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱን ነው። መስኮት ከተባለ፤ ከጣሪያው ሥር ያለ፣ ጡብ የማያሳልፍ ቀዳዳ ነበር። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት። ቀበቶዬን፣ የጫማዬን ማሰሪያና ስልኬን በር ላይ ተቀብለውኛል። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ ቆምኩ። ውስጥ የነበሩት ኬንያውያን ወጣቶች አንዴ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ስዋሂሊ ጨዋታቸው ተመለሱ።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ናይሮቢ የምንኖር ጥቂት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ዓለም አቀፍ ቢሮ ፊት ለፊት ቆመን ነበር። አገር ቤት ታስረው የገቡበት የጠፋ ሰዎችን ፎቶ ይዘናል። መፈክር አልነበረም፤ ዝም ብለን ነው የቆምነው። ያስተባበረችን አንዲት ነርስ ናት፤ ወንድሟ ከጠፉት አንዱ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ሰው ተበተነ። እሷ አመለጠች። እኔና ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ ተያዝን።

በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ፈተና ነበረብኝ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ነው፤ በአንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ አስተምራለሁ። ፊዚክስን በሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሳመለክት የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል፣ ከምህንድስና የመጣ ሰው የቃል ፈተና ሳያልፍ አይገባም አለኝ። ፈተናው በዓመት አንዴ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስዘጋጅበት ኖሬያለሁ።

ነጋዴው ወሎዬ ናቸው። በሩን ተደግፈው ሊቀመጡ ሞከሩና ወዲያው ተነሡ።

«ወላሂ፣ ይሄ በር በረዶ ነው! ግድግዳው ይሻላል።»

«ጋሼ፣ ሁለቱም ቅዝቃዜያቸው እኩል ነው። ብረቱ የሰውነትዎን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስደው ነው እንጂ።»

«እኩል ነው?» ጀርባቸውን እያሹ አዩኝ። «እንግዲያው አንተ ናና ተደገፈው።»

ሳቅሁ። በዚያ ክፍል የሳቅሁት ያን ጊዜ ብቻ ይመስለኛል።

«ኢንጂነር ከሆንክ በኋላ ፊዚክስ ምን ያደርግልሃል?» አሉ ግድግዳውን ተደግፈው እየተቀመጡ።

ማስረዳት እወዳለሁ፤ አስረዳኋቸው። ተማሪ ሳለሁ ብረት ሙቀት የሚያስተላልፍበትን መጠን ከሠንጠረዥ አንብበን፣ ለጥንቃቄ ትንሽ ጨምረንበት እናሰላ ነበር። አንድ ቀን መምህሬን «ቁጥሩ ከየት መጣ?» አልኩት። «ከሠንጠረዡ» አለኝ። ከዚያ በራሴ ሳነብ፣ በብረት ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ሙቀቱንም እንደሚሸከሙ ደረስኩበት። ለየብቻ ያጠናኋቸው ሁለት ትምህርቶች አንድ ነገር ሆነው አረፉት። ከዚያ ወዲህ ሠንጠረዥ ብቻ ማንበብ አቃተኝ።

ነጋዴው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላው የሚያገባው ሥራ ሲያገኝ ነው፤ አንተ ሥራህን ፈተህ ጥያቄ አገባህ» አሉ።

አመሻሹ ላይ የጣቢያው መኮንን አስጠራኝ። እንግሊዝኛው ረጋ ያለ ነው። ስለ ፈተናው ነገርኩት።

«ከምህንድስና ወደ ፊዚክስ? ይሄ እኮ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ልጄ እንዲህ ቢለኝ እዚሁ ነበር የማስገባው» አለ።

ከዚያ አንድ የተጻፈ ወረቀት ወደ እኔ ገፋ። ነርሷ አታላ እንዳመጣችን፣ ፖሊስ ሲመጣም አትታዘዙ እንዳለችን ይላል። ብፈርም ጠዋት ወጥቼ ለፈተናው እደርሳለሁ። እሷን ምን እንደሚያደርጓት ጠየቅሁት።

«ስደተኛ ናት፤ ወደመጣችበት መመለስ ይቻላል። አንተን ግን እሷ ምን ትሆንሃለች?»

ዘመዴ አልነበረችም። ብዙም አናወራም ነበር። እስከ ጠዋት አስብበት ብሎ መለሰኝ።

ሲነጋጋ ነጋዴውን ጠሯቸው። ተመልሰው የመጡት ኮታቸውን ለመውሰድ ነው። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ልጆቼ ሱቅ በር ላይ ናቸው። ፈረምኩ። አፉ በለኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«አንተም ፈርም። የእኔ ከተጻፈ የአንተ ምን ይጨምራል?»

ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። በሩ ተዘጋ። አማርኛ የሚሰማ ሰው አብሮኝ እንደሌለ ያኔ ገባኝ። ኬንያውያኑ ክፉ አልነበሩም፤ ዳቦ ሲመጣ ድርሻዬን ያቀብሉኛል። ግን የእነሱ ነገር ሌላ፣ የእኔ ሌላ ነበር።

መኮንኑ ሲያስጠራኝ እስክሪብቶ ለመንኩት። ከተጻፈው በታች «በራሴ ፈቃድ ሄድኩ። ማንም አላታለለኝም። ዝም ብለን ቆመን ነበር» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩና እሱ ላይ ፈረምኩ።

አንብቦ እንደጨረሰ፣ «ይሄ አያስወጣህም» አለ።

«አውቃለሁ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ብርሃኑ ከቀዳዳው ወርዶ ግድግዳው ላይ አርፏል። ፈታኞቹ ስሜን የሚጠሩበት ሰዓት መሆን አለበት። ሸሚዜን ወደ ሱሪዬ አስገባሁ፤ ሱሪዬን በግራ እጄ ያዝኩ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆምኩና «ከምህንድስና ለምን መጣህ?» የሚለውን ጥያቄ መመለስ ጀመርኩ። በቀኝ እጄ ቀመሩን አየር ላይ ጻፍኩ። አንድ ቦታ ተሳሳትኩና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

አንዱ ወጣት ከተኛበት ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። «ምዋሊሙ፣ ትጸልያለህ እንዴ?» መምህር ማለቱ ነው፤ ሥራዬን ማን እንደነገረው አላውቅም።

«እየተፈተንኩ ነው።»

«አለፍክ?»

«ገና ነኝ።»

«እሺ፣ ቀስ ብለህ ተፈተን። እንቅልፍ አለን።»

ድምፄን ዝቅ አድርጌ እስከ መጨረሻው መለስኩ።

ከቀናት በኋላ በነጻ የቆመልን ጠበቃ ያለ ክስ አስወጣኝ። ነጋዴው ሱቃቸውን ወደ ሞያሌ አዛውረው ነበር፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም። የእሳቸው ቃል ብቻውን አልበቃም መሰለኝ፣ ነርሷን ማንም አልነካት። የእኔ ፊርማ ቢጨመርስ? ይህን በምንም ቀመር ላሰላው አልችልም። ፈተናውን በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኜ አለፍኩ። አሁን ቀን አስተምራለሁ፣ ማታ እማራለሁ።

ነርሷ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አንዲት አሮጊት ታስታምማለች። አንዳንድ አመሻሽ ላይ አንድ ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ እንገናኛለን። መታሰሬን ታውቃለች፤ ስለ ወረቀቱ ግን አልነገርኳትም። ስለ ወንድሟ እስካሁን ምንም አልሰማችም፤ ሌላ የምታስበው ነገር ልጨምርባት አልፈለግሁም።

«አንተ ልጅ፣» ትለኛለች እየሳቀች፣ «ያን ቀን ትንሽ ፈጠን ብትል ኖሮ እኮ አንድ ዓመት ሙሉ አይቃጠልብህም ነበር። የሯጮች አገር ልጅ ሆነህ እንዲህ ትያዛለህ?»

«እግሬ ሰነፍ ነው» እላለሁ።

ሁለታችንም እንስቃለን። መውረጃዋ ሲደርስ ቦርሳዋን አንሥታ ትወርዳለች፤ እኔ ወደ ትምህርቴ እቀጥላለሁ።