ከፍ የምታደርገው ቁልፍ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ አልረሳሁም፤ ለመርሳትም አልሞከርኩም።

ኦርጋኔ ከፋብሪካ ሲመጣ የሩቅ አገር ምት ሁሉ ነበረው፤ የላስታን ጭፈራ ግን አያውቅም። ከበሮውን በጣቴ እየመታሁ፣ ጭብጨባውን እየሞላሁ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አብሮኝ ከሰርግ ሰርግ የሚዞረው ዘፋኝ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እያወቀ፣ ለአንዲት የብልባላ አገር ልጅ ሽማግሌ በላክሁ ሰሞን፣ አባቷ በተቀመጡበት ድንኳን ማይክ ይዞ፣ «እሱ እኮ ቁልፍ ተጭኖ ቁጭ ነው! የሚጫወተው ሳጥኑ ነው» አለ። ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቼ ይዘው የተመለሱት የአባቷ መልስ አጭር ነበር፤ «ቁልፍ ለሚጫን ልጄን አልሰጥም።»

ልጅቷ ለሌላ ተዳረች። ለሰርጓ የተጠራው ያው ዘፋኝ ነው፤ እኔንም ምንም እንዳልተፈጠረ ና አለኝ። ሄድኩ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ፤ ቂም ይዞ ኦርጋን ግን ይሆናል።

ኦርጋኑ ላይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷ ስትነካ፣ ጣቶቼ ቦታቸውን ሳይለቁ ድምፁ በግማሽ እርከን ከፍ ይላል። አምባሰሉን በሚመቸው ድምፅ አስጀመርኩት። አንዱን ግጥም ሲጨርስ ነካኋት። ሁለተኛውን ሲጨርስ ደገምኩ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ዞሮ እጆቼን አየ፤ እንደነበሩ ናቸው፣ ምን ይበል? ፈገግ አልኩለትና እንደገና ነካኋት። ድምፁ ጩኸት እንደሚለማመድ አውራ ዶሮ ተሰነጠቀ። ማይኩን አወረደ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም፤ ዛሬም ሳስበው ደስ ይለኛል።

ዘፈኑ ሲቋረጥ ሰዎቹ አሁን ወደ እኔ ይዞራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ብቻዬን ልጫወት፣ እኚያ አባቷ ጣቶቼን ይዩልኝ! እሳቸው ግን ከመቀመጫቸው ተነሥተው ዘፋኙ ካቆመበት ቀጠሉ። ሴቶቹ ከበሮ አነሡ፤ ሰው ሁሉ ተቀበለ። ልከተላቸው ሞከርኩ። ድምፃቸው በሁለት ቁልፎች መካከል ሆነብኝ፤ ከፍ ሳደርግ አልፋቸዋለሁ፣ ዝቅ ሳደርግ እቀራለሁ።

ተቀባዮቹ ሲቀበሉላቸው አባቷ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ሳጥንህን ዝጋና አጨብጭብልን።»

ዘጋሁት። በልጃቸው ሰርግ ከዘፋኙ ጎን ቆሜ አጨበጨብኩ።