መሬት የዋጠው ድምፅ

ደብረ ብርሃን ላይ ያሳሰረችኝ አንዲት ወረቀት ናት። የሳይንስ አስተማሪ ነበርኩ። አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ፣ የብርሃኑን ቀለም መለዋወጥ ስለሚችል የሌዘር ክሪስታል የሚያስረዳ ሥዕል ከውጭ መጽሔት ገልብጦ ላከልኝ። ከላይ መስመር፣ ከታች መስመር፣ መሐላቸው ቁልቁል የሚወርድ ቀስት። በንጉሡ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ወዲህ ፖሊሶቹን ቀስት ሁሉ ያስፈራቸው ነበር።

«ከላይ የሚወርደው ማነው?» አለኝ መርማሪው ሻምበል።

«ብርሃን ነው፣ ጌታዬ።»

በጥፊ መታኝ። ማን እንደላከልኝ ጠየቀ። ራሴ ነኝ የሳልኩት አልኩ።

«እንግዲያው ነገ አዋቂ አስመጣለሁ፤ ታስረዳዋለህ። ከተሳሳትክ የላከልህን ታወጣለህ።»

ጉዱ፣ ነገሩ ለእኔም በቅጡ አልገባኝም። ክሪስታሉ የተቀበለውን ብርሃን አጉድሎ ነው የሚመልሰው፤ ጉድለቱ ወዴት እንደሚሄድ የሚናገረው ገጽ አልደረሰኝም። የወዳጄ ሚስት አራስ ናት። በጣም ፈራሁ።

ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰረስራል። አብረውኝ የታሰሩት አንድ የአንኮበር ቄስ ብቻ ነበሩ፤ ለጭሰኞች አቤቱታ ጽፈው ነው። ጭንቀቴን ነገርኳቸው፤ የጎደለው ብርሃን ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም አልኩ።

«የኛ ደብር ደወል ድንጋይ ነው» አሉ። «በጠፍር ተንጠልጥሎ ሲመታ ቆላ ድረስ ይሰማል። መሬት ላይ አጋድመህ ብትመታው ግን ዱዳ ነው። ድምፁን መሬት ይውጠዋል።»

ብድግ አልኩ። ጉድለቱ እዚያው ክሪስታሉ ውስጥ ንዝረት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው! ንዝረቱ በበዛ ቁጥር የሚወጣው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል። ቀለሙ የሚለዋወጠውም ለዚህ ነው።

«የተዋጠውስ ይጠፋል?» አሉኝ።

«አይጠፋም፣ አባ። መሬቱን ትንሽ ያሞቀዋል።»

«ታዲያ ይኸን ሲሚንቶ ምነው በደወሉት!» ብለው ሳቁ።

በማግስቱ ጠመኔ ጠይቄ፣ ግድግዳው ላይ እየሳልኩ አስረዳሁ። የመጣው መሐንዲስ «ልክ ነው» አለ። ሻምበሉ ግን አልለቀቀኝም፤ የወረቀቱ ባለቤት ሆኜ ሁለት ክረምት ታሰርኩ። ወዳጄን የነካው የለም።

አባ የኅዳርን ውርጭ አልወጡትም። ጀርባ ለጀርባ ገጥመን ተኝተን፣ ማለዳ እኔ ስነሳ እሳቸው ቀሩ። በጋቢያቸው ጠቅልለው ሲያወጧቸው የተኙበትን ወለል በመዳፌ ዳሰስኩት። ለብ ይል ነበር።

«ቦታ ሰፋልህ፣ ተዘርጋበት» አለኝ ጠባቂው።

ወለሉ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳልተኛበት ቆሜ ጠበቅኩ።

ከተፈታሁ በኋላ ያን ትምህርት ለብዙ ተማሪ አስተማርኩ፤ ድንጋይ አንጠልጥዬ እመታለሁ፣ ከዚያ አጋድሜ እመታለሁ። «የተዋጠው የት ሄደ?» የሚል ተማሪ አንድ አይጠፋም ነበር። መልሱን ከመናገሬ በፊት ድንጋዩ ያረፈበትን ወለል በመዳፌ እዳስስ ነበር።