ካለፈው ሳምንት ብዙም የማይለይ ጉድጓድ

«ካለፈው ሳምንት ብዙም አይለይም።»

ጋፋት አጠገብ የመንደሩን ጉድጓድ ውሃ በየሳምንቱ በገመድ የሚለኩት ጋሽ አየለ ዛሬ እንዲህ ሲሉ ሰማሁና አመንኳቸው።

ደብረ ታቦር ቢሮ ሆኜ የጻፍኩት፣ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገበውን ልኬት የሚፈትሽ ተራ የኤስኪውኤል መጠይቅም የሚለው ይህንኑ ነው። የእያንዳንዱን ሳምንት ልኬት ከበላዩ ካለው ካለፈው ሳምንት መስመር ጋር ብቻ ያስተያያል፤ ውሃው ከክንድ በላይ ከወረደ ያስጠነቅቃል።

አንድም ቀን አላስጠነቀቀም። ውሃው ጨዋ ነው፤ በየሳምንቱ የጣት ውፍረት ያህል ብቻ ነው የሚወርደው።

ዛሬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ሳይ፣ የቀረችው ጣት የምታህል ውሃ አልቃ ገመዱ ደርቆ ወጣ።

«ኮምፒውተሩ ምን ይላል?» አሉኝ ባዶ ጀሪካን የያዙ እናት።

«ደህና ነው ይላል፣ እማማ።»

«እሰይ! እንግዲያ ከሱ ቅዳልን።»

እናንተስ መሥሪያ ቤት ዘወትር «ደህና ነው» የሚል ምን አላችሁ? እስኪ ጻፉልኝ።

መንደሩ ሌላ ጉድጓድ የለውም።